ዜሮው በኔ እጅ

ጓያማ፣ ከባሕሩ ወዲህ፣ ከሸንኮራው ማሳ ማዶ፣
ቆርቆሮው በዝናብ ሲንኳኳ፣ አንዴ ግሎ አንዴ በርዶ፣
የዶን ኤሌውቴሪዮ ጋራዥ፤
ራዲዮው ግማሽ ቃል ያወራል፣ ግማሹን ዝገት ወስዶ።

ባለመኪናዋ እኅቴ ናት፣ ዮማይራ፤
ዓሣ በችርቻሮ ሸጣ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቆጥራ፣
ቀጭን ኮሮላ ገዛች፤ ያውም ያረጀች፣ የጎሳቆለች፣
በርሜል የሚያህል ጎማ ልታገባ ከሥሯ ደፍራ።

ዲፈረንሻሉ የመጣው ከቁራሌዎች ጓሮ፣
ከአንድ ፎርድ ጭነት መኪና፣ ሙዝ ሲያመላልስ ኖሮ፤
ሰፊ ነው፣ ለሷ አልተሰፋም፣
እንደ ታላቅ ወንድም ኮት፣ ጣትን በእጅጌው ሰውሮ።

እኔ የሜትሩን ጫፍ ያዝኩ። ሥራዬ ይኸው ነው፤
ቁጥሩ የሚነበበው ማዶ፣ ዜሮው ግን በኔ እጅ ነው።
"አታወዛውዝ" ይለኛል ሽማግሌው፣ ዓይኑን ሳያነሣ፤
"ዜሮ ከተንሸራተተ፣ ቁጥር ሁሉ ሐሰት ነው።"

መጀመሪያ በክሪክ አንሥተን፣ የኋላ እግሯ ተንጠልጥሎ፣
ከፓራፋንጎው ከንፈር ቱምቢ ወደ ወለሉ ተጥሎ፣
በጠመኔ ነጥብ አኖርን። ቁጥሩ አማረ፣ ደላን፤
ዮማይራም "ይገባል!" አለች፣ ደስታዋ ተቀጣጥሎ።

ሽማግሌው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።
"የተንጠለጠለ ሁሉ ሰፊ ይመስላል" አለና ዝም አለ።
ቆይቶ፣
"አውርዷት። ጭነቷን ትቅመስ። ልኳን ያኔ ትንገረን።"

ነዳጅ ተሞላ። ዮማይራ መሪዋን ይዛ ተቀመጠች።
አልበቃም፤ ስትወነጨፍ ወደ ኋላ ነው ቁጭ የምትል።
ከመድኃኒት ቤቱ ማዶ ዶኛ ኔሬይዳ ተጠራች፣
ከነዣንጥላዋ፣ ከነቦርሳዋ፣ ከኋላ ወንበር ገባች፤
"ክብደቴን ልትጽፈው ነው?" ብላ ገና ከበሩ ተቆጣች።
"እኔ አልጽፍም እመቤቴ፣ መኪናዋ ትጽፈዋለች።"

ባሌስትራው አጎነበሰ፣ የብረት ከንፈሩ ወረደ፤
ያ ሁሉ ሜዳ የመሰለን፣ ወደ ሁለት ጣት ሄደ፤
ዮማይራ በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየች፣
ሳቋ በረደ።

ከከንፈር እስከ ከንፈር፣ ሃምሳ ሰባት ኢንች።
ለትንፋሽ ከዚህ አንድ፣ ከዚያም አንድ ይቀነስ፤
ጎማው ከፍላንጃው ወደ ውጪ ስድስት ተኩል ይወጣል፣
ሁለት ጎማ ነውና ሁለቴ ይቀነስ።
አርባ ሁለት።
በካርቶን ክዳን ላይ ጻፈው፣ ከሥሩም ሁለት መስመር አሰመረ።
"ታምቡሩስ?" አልኩ፣ ዐዋቂ ለመምሰል።
"ታምቡሩ ውስጡ ነው። ጫፍህን ያዝ።"

የፎርዱ ስልሳ አንድ ነው።
ዐሥራ ዘጠኝ ኢንች ብረት ሊሰናበት ነው።
"ዘጠኝ ተኩል ከዚህ፣ ዘጠኝ ተኩል ከዚያ" አለች እኅቴ ፈጥና፤
ራሱን ነቀነቀ፤ አገጩን ወደ ብረቱ ሆድ ጠቆመና፣
"ልቡ መሐል አይደለም፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤
ቀኙ ሲወለድ አጥሯል፣ ግራው ረዝሞ ይውላል፤
እኩል ቆርጦ ማካፈል እዚህ ጋ ፍርድ አይሆንም፤
ካርዳኑ ይጣመምብሻል፤ የተጣመመ አይሮጥም።"

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ የለም፤
ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ፣ እነሱ ካርቶኑ ላይ፤
ሴሚያሱን በካሊፐር፣ ቱቦውን በጣት ዳበሱ፣
ያሉትን እንደገና ሻሩ፣ የሻሩትን መለሱ።
ሰፊው እንዲገባ ብሎ የሚጠበው ውስጡ ነው፤
ሦስት ሌሊት ተጠበቡና፣
በአራተኛው ጠዋት አንዴ ጠበበ።

መጋዙ ሲያልፍ እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።
የተረፈውን ቀለበት፣ የግራውን፣ ሽማግሌው ወረወረልኝ፤
አንድ ጎኑ ዝገት፣ የተቆረጠው ጎኑ አዲስ ብር የመሰለ፤
"ዜሮው ስላልተንቀሳቀሰ" አለ።
ዛሬ መስኮቴን የሚደግፈው እሱ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ።

ቅዳሜ ማታ ሮጠች። ሰዓቱን ሌሎች ያውሩ፣
መብራቱን፣ ጭሱን፣ ጩኸቱን፣ ከአጠገቧ ማን እንደቀደመ፤
እኔ አጥሩን ተደግፌ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣
ጆሮዬን ከፓራፋንጎው ሥር ጥዬ፣
ጎማ ብረት ሲልስ የሚያወጣውን ድምፅ እየጠበቅሁ።

አልነካም።