ጉዳዩ፦ መንገድ እንዲለቁልኝ

አዳማ ፍርድ ቤት በር፣ ከሸራው ጥላ ሥር፣
አመለወርቅ ቱፋ፣ ባለጉዳይ ሲሰፍር፣
አሮጌ ኦሊቬቲዋን ፈትታ ከጨርቅ፣
ጣቷን ታፍታታለች ፀሐይዋ ሳትደምቅ።
የድንበር ክርክር፣ የቀለብ አቤቱታ፣
ሁለት ብር ተቀብላ፣ «እኔ አመልካች» ብላ፣ ታደርሳለች መትታ።

ማታ፣ በሯን ዘግታ፣ ያው መኪና፣ ያው ሪባን፣
የቀን ከሳሿን ትታ ታስገባለች ሰይጣን።
ስሟ ግን አይወጣም፤ በመጽሔቱ ሽፋን
«ሻምበል ጥላዬ» ነው ሰው የሚያባንን።
«ሴት ብትጽፍ አስፈሪ፣ ማን ይደነግጣል?»
አዘጋጁ እንዲህ ብሎ፣ ገጹን በስምንት ብር ይቆጥርላታል።

እኔ የሚኒባስ ረዳት፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣
ፖስታዋን በብብቴ ፒያሳ አድራሽ ወዳጅ።
ሞጆ ሳንደርስ ሙጫውን እለቅቃለሁ በምራቅ፣
ደብረ ዘይት ላይ ሒሳብ እረሳለሁ መጠየቅ።

የ«ሞ» ቁልፏ ተሰብራ ነበር።
«ሞተ» ባለች ቁጥር፣ «ሞት» ባለች ቁጥር፣
ያቺን ፊደል ብቻ በእስክሪብቶ፣ በእጇ ነው የምትሰፍር።
የውርስ ክስ ይሁን፣ የሻምበል ድርሰት፣
በአመለወርቅ ወረቀት ላይ ማንም ያለ እጅ ጽሑፍ አልሞተም።

«ጥርሷን የቋጠረች» ይል ነበር ያን ዓመት ርእሱ፤
ከወለንጪቲ ማዶ፣ ቁጥቋጦዎች ጨለማ ሲለብሱ፣
ሙሽራ የጅቡቲ መኪና በእጇ ታስቆማለች፣
ቬሎዋ ናፍጣ ይሸታል፤ «ቤቴ አድርሰኝ» ትላለች፤
መሀረብ ቋጥራለች፤ ሲንሿሿ ሳንቲም ይመስላል፣ ሳንቲም ግን አይደለም፤
የሚያናግርህ እሱ ነው፤ እሷ አፏን አትከፍትም።
እዚያ ላይ ገጹ ያልቃል፤ «ይቀጥላል» ይላል፤
ሳምንቱን ሙሉ እስከ መተሃራ የሾፌር እንቅልፍ ይጠፋል።

አንድ ማክሰኞ መጣ፣ ኑርዬ የሚሉት፣
ኤንትሬ ከነተሳቢው ሲነዳ ሃያ ዓመት ያለፉት፤
ትከሻው በር የሚያህል፣ አንገቱን ሰብሮ፣
መጽሔቱን አጣጥፎ ከሸሚዙ ቀብሮ።
«እህቴ፣ ማመልከቻ። በሌሊት ካልነዳሁ ልጆቼ ምን ይቅመሱ?
ለማን እንደሚገባ እንጃ። ድልድዩ ጋ ትቆማለች፤ አላልፍም በእሱ።»

ሣቄ ሊያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ።
እሷ አልሣቀችም። ወረቀት አስገባች፣ ካርቦን አስከትላ፣
ቀኑን መታች፤ ቀና አለች፤ «ዕድሜ? ቀበሌ?» ብላ፦

«ጥርስዎን ለቋጠሩት ሙሽራ፣
ባሉበት።
ጉዳዩ፦ መንገድ እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ።
እኔ አመልካች የስድስት ልጆች አባት ስሆን
በእርስዎ ላይ ያደረስኩት በደል የለም።
ሠርግዎን ማን እንዳበላሸው አላውቅም፤ ቢጠሩኝ ግን እመሰክራለሁ።
ስለዚህ ሳል ት እንዳልፍ…»

እዚህ ላይ ቆመች። እስክሪብቶዋን ፈለገች።
ክፍተቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤
ከዚያ ሙሉውን ቃል ሰርዛ «በሰላም» ብላ ጻፈች።

ሁለት ብሩን አልተቀበለችም።

ሐሙስ ፖስታ ሰጠችኝ፤ ስስ ነው፣ አንድ ገጽ፤
ሞጆን አላሳለፍኩትም፣ ልቤን ሲያንገጫግጭ።
ሙሽራዋ ድልድዩ ጋ ወረቀት አግኝታ፣
በመኪና መብራት ታነባለች፣ ቀስ ብላ፣ ተረጋግታ፤
መሀረቡ ዝም ብሏል፤
ከግርጌው፣ በሰማያዊ ቀለም፦ «ተፈቅዷል።»

አዘጋጁ መለሰው። «ሻምበልን ምን ነካው?» አለኝ፣ «ይኼ አያስፈራም፤
ደም ጨምርበት በለው።»
አልጨመረችም።
ገጹን ለኑርዬ ሰጠችው፤ በፕላስተር ለጠፈው
ከመስተዋቱ ጎን፣ ከልጆቹ ፎቶ በላይ፤
ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ዓመታት፣ ፀሐይ አነጣው።

ባለፈው ሰሞን አገኘሁት፣ ጡረታ ወጥቷል፣ ጥርሶቹም ረግፈዋል።
«እውነቱን ንገረኝ» አልኩት፣ «አይተሃት ታውቃለህ?»
ምርኩዙን መሬት ላይ ጫረ፤ የአዳማ ነፋስ ወዲያው አጠፋው።
«አንዴ» አለኝ። «እጇን አላነሣችም።
ታነብ ነበር።»