ጣውንቴ

የሽባባው አርባ፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ፣
ንፍሮው በየእፍኙ ከሰው እጅ ሲደርስ፣
ከጎርጎራ ጀልባ አንዲት ሴት ወረደች፣
ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ልጅ አዝላ፣ በሬ ላይ ቆመች።
ማን ነሽ ያላት የለም። ሁሉም ልጁን አየ፤
የቀኝ ጆሮው ጫፉ ከግራው ተለየ፣
እንደ መጽሐፍ ቅጠል ታጠፍ ያለ ጆሮ፣
የሟች ባሌ ጆሮ፣
በአምስት ዓመት ልጅ ላይ ቁጭ ብሎ ኖሮ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጀልባ ሲዘውር፣
"ማዕበል ይዞኝ ነው" ይለኝ ነበር፣ ሲያድር።
ለካስ ማዕበሉም ስም ነበረው፤
አንችናሉ ይባላል፤ ልጅም ነበረው።

ልቤ እንደ አምባዛ በጭቃ ተንፈራገጠ፣
አፌ ስድብ ፈልጎ ባዶውን አላመጠ፤
እጄ ግን፣ ምን ነካው፣ ሳይጠይቀኝ ሄዶ
ልጁን ተቀበላት ከጀርባዋ ወስዶ።

"አስወጫት" አለ ዘመድ። "ቤት ልትካፈል ነው።"
"ጣውንት ጦር ናት" አሉኝ። እኔም ያልኩት ይኸው ነው።
"ጀልባው እስኪመለስ፣ እስከ እሑድ ልደር"
አለችኝ፤ አነጠፍኩ ከሲንጀሬ ዳር።
እሑድ መጣ፤ ልጁን አተኮሰው።
ሌሊቱን በፈረቃ፣ ጨርቅ እያራስን ግንባሩን አበስነው።
በሁለተኛው እሑድ አንዱ ጫማው ጠፋ
(የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ይውጣ በይፋ)።
በሦስተኛው፣ ጀልባው ጥሩንባውን ሲነፋ፣
"ማዕበል አለ ዛሬ፣ አትሂዱ" አልኳቸው፤
ጣና እንደ ዘይት ረግቶ ተኝቷል ከፊታቸው።

ማታ ማታ ስለሱ እናወጋ ጀመር።
የሷ ሽባባው ያንጎራጉራል፤ የኔው ዝም ይል ነበር።
የኔው ሽንኩርት አይወድም፤ የሷው ጥሬውን ይበላል።
"ወይ ጉድ! አንድ ሰው እንዴት ከሁለት ይከፈላል?"
ሳቅን። ከዚያ አለቀስን። ከዚያ ደግሞ ሳቅን።
እስከዚያ ግማሹን ብቻ ነበር የቀበርን።
ያን ሌሊት፣ ሙሉውን፣ አልቅሼ ሸኘሁት፤
ይቅርም አልኩት። ትንሽ። የቀረውን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

እሷ መረብ ትጠግናለች፤ እኔ ዩኒፎርም እሰፋለሁ።
ዓይኔ ደክሟል፤ መርፌዬን ወደሷ አቀብላለሁ፤
ክሩን በምራቋ አሹላ ባንዴ ታሳልፋለች፤
መርፌውን ስትመልስ ጣቴን ትነካለች፤
እኔም ክር ሳያልቅብኝ፣ አለቀ ብዬ ዋሽቼ
ደግሜ እልካለሁ፣ አርባ ዓመቴን ረስቼ።

መብራት የጠፋ ለት፣ ክብሪት ስንፈልግ በጨለማ፣
ጣት ከጣት ተጋጨ። ልጁ ተኝቷል። ከደንገሉ እንቁራሪት ይሰማ
ነበር።
ክብሪቱን አገኘነው።
አልጫርነውም። ተውነው።
ፊቷን ያገኘሁት በከንፈሬ ነው።

ሰፈሩ ይደነቃል፦ "ጣውንት እንዲህ ስትፋቀር!"
ንስሐ አባቴ እንኳ፣ በኛ ምሳሌነት፣ ሁለት ባላንጣ አስታረቁ ሰሞኑን።
እኛ ዝም። ሰሙን ለሰፈሩ፤ ለጓዳችን ወርቁን።
ያ እንደ ጦር የፈራሁት ስም፣ ጣውንት፣
ቆርቆሮ ጣራችን ነው፣ በጋም ሆነ ክረምት።
ስምሽን ያወጡ፣ አንችናሉ፣ አስቀድመው ያውቁ ነበር?
"አንችን" አሉ እነሱ፤ እኔም ሳድር፣ ሳድር፣
አንችን አልኩ።

ልጅዓለም ትምህርት ቤት ቤተሰቡን ሣለ፦
ታንኳ ላይ ሁለት ሴት፤ መሀል እሱ አለ።
"እናትህ የትኛዋ?" መምህሯ ጠየቀች።
"ቀዛፊዋ።"
"ይቺኛዋስ?"
"እሷም። በተራ ነው የሚቀዝፉት።"
"አባትህስ?"
ሰማያዊ እርሳሱን አነሳ፤
ከታንኳው በታች ያለውን ሁሉ
እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ቀባው።

ዛሬ እሑድ ነው። የጎርጎራው ጀልባ ጥሩንባውን ነፋ።
አንችናሉ ቀና አላለችም፤ መረቧ ጭኗ ላይ ነው።
ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ
እንደ ዘይት የረጋውን ጣና አየና፣
ያቺን የታጠፈች ጆሮውን እያሸ፣ እንደ ትልቅ ሰው፦
"ኧረ ዛሬም" አለ፣ "ከባድ ማዕበል ነው።"