እህልና ውሃ

“እህል ውሃው ነው” ይላል የሀገሬ ሰው፣
ዕጣ አንዱን ነጥቆ ባዕድ ሲያደርሰው።
እኔንም ሲሸኙኝ ይህንኑ አሉኝ፤
ዛሬ ከደማም ደጅ፣ መርከብ ላይ ቢያዩኝ
ይስቁ ነበረ። እዚህ የእኔ እንጀራ
እህልና ውሃ እንዳይገናኙ ነው፤ ሌላ የለኝ ሥራ።

አምስት ጎተራ አለው የመርከባችን ሆድ፤
ስንዴ ሞልቶታል፣ ከጥቁር ባሕር ማዶ፣ ከየካቲት ብርድ
የተጫነ ስንዴ፤ ከክዳኑ ላይ በረዶ ጠርገን፣
የደነዘዘ ጣት በትንፋሻችን እፍ እያልን።

ወረፋ ስንጠብቅ ግንቦት ደረሰብን።
ባሕረ ሰላጤው ላይ ሌሊትም አይቀዘቅዝም፤
አየሩ የረጠበ ቡልኮ ነው፣ ከትከሻ አይወርድም።
ስንዴው ግን ሆዱ ውስጥ ዛሬም የካቲት ነው፤
እህል ቂመኛ ነው፣ የያዘውን ብርድ መች ቶሎ ሊተው።

በየአራት ሰዓቱ ሁለት ቴርሞሜትር አያለሁ፦
አንዱ ራቁቱን፣ አንዱ እርጥብ ጥጥ ለብሶ።
ደረቁ ሠላሳ ሁለት፣ እርጥቡ ሃያ ዘጠኝ፤
ጤዛ የሚወለድበት ልክ ከሠንጠረዡ ሲገኝ
ሃያ ስምንት።
ስንዴው ዐሥራ አንድ።
መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ፦ መተንፈሻ፣ ዝግ።
ጎማውን በጠመኔ ቀብቼ፣ ክዳኑን ጭኜ አንስቼ፣
መስመሩ ሳይበጠስ መታተሙን አይቼ
ያን ጊዜ ነው የምተኛ።

ቢኖይ፣ የኬረላ ልጅ፣ ባሕር ላይ ዓመት ያልሞላው፣
ሙቀቱ ሲበረታ ለስንዴው አዘነ፤ “ታፍኗል፣ ይተንፍስ” አለው።
ሦስተኛው ጎተራ ላይ መተንፈሻውን ከፈተ፤
ከክፋት አይደለም፣ ደግነቱ ነው የሳተ።
ሌሊቱን ያ እርጥብ ነፋስ እንደ እንግዳ ገባ፣
ቀዝቃዛው እህል ላይ ሲቀመጥ ሆነበት እንባ።

“በፊትህ ወዝ ብላ” የተባለው ሰው ነው፤
እህሉ ራሱ ሲያልበውስ፣ ማነው የሚበላው?

በአራተኛው ቀን ክዳኑን ገለጥን።
አረንጓዴ።
አፈር በሌለበት፣ ገበሬ ሳይዘራ፣
በብረት ተከልሎ፣ ባሕር ላይ አዝመራ።
ቢኖይ ሲያየው ሳቀ፤ ያምር ነበር እኮ።
ከዚያ የእኔን ፊት አየ፣ ሳቁን ዋጠ፣
ቀስ ብሎ ዞሮ አካፋ አመጣ።

ቅርፊቱን ገፈፍነው፤ ሽታው እንደ ከረመ ድፍድፍ፣
ውፍረቱ ስንዝር ቢሆን ነው። ሠላሳ ሰባት ጆንያ።
ከሥሩ ክንዴን እስከ ክርኔ ሰደድኩ፤
የካቲት እዚያው አለ። እፎይ አልኩ።

አባቴ ሞጆ ላይ የእህል ሚዛን ሠራተኛ ነበር፤
እርጥበት መለኪያው ጥርሱ ነው፦ ቀጭ ካለ ግዛ፣ ዝም ካለ ይቅር።
ደማም ላይም አቡ ነዋፍ፣ የገዢው ሰው፣
መሣሪያውን ትቶ፣ አንድ ፍሬ በቀረች ክራንቻው ነከሰው።
ቀጭ።
“ዘይን” አለ። ጆንያዎቹን አየ፤ ምን እንደሆኑ ነገርኩት፤
መዝገቡ ላይም ጽፌዋለሁ፣ አላለሳለስኩት።
ከቡቃያው እፍኝ ዘግኖ አሸተተ፣ ደረት ኪሱ ከተተ፤
“ለፍየሎቼ” አለና ወደ ሚዛኑ ተጎተተ።

ማታ፣ ክሬኑ ዝም ሲል፣ ቢኖይ አጠገቤ ቆመ፤
የከተማው መብራት ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል።
“ታዲያ መቼ ነው የሚገናኙት፣ እህሉና ውሃው?”
ወደ ማዶ አሳየሁት። እዚያ አንድ ጋጋሪ አለ፣
የማላውቀው ሰው፣ ሳይነጋ ተነሥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣
ዱቄት ላይ ውሃ የሚያፈስ፣ ቀስ አድርጎ፣ ልኩን አስቦ።
እሱ ያጋባቸው።
በእኔ ተራ ግን አይሆንም።

“ሦስተኛውን አየኸው?” አልኩት።
“ዝግ ነው” አለ፤
ግን ሄዶ ደግሞ ነካው።