ሻሼ ትቆጣ

ሻሼን ሳልብ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከጎኗ ቁጢጥ ብዬ፣
ግቷን እዳስሳለሁ፣ ጆሮዬን ከጣቴ ጥዬ።
ሞቋል ወይ? ጠጥሯል ወይ? ወተቱስ ደም አዝሏል?
ከአራቱ አንዱ ቢያብጥ፣ እንቅልፌ የት ይውላል?
አምና በግንቦት ጠጥሮ፣ ከደምበጫ በሞተር
የከብት ሐኪም አስመጣሁ፣ ከፍዬ በብድር።
"በጊዜ ደረስሽላት" አለኝ፣ ዕቃውን እየሰበሰበ፤
ሻሼ ዳነች። ልቤም በኩራት ጠገበ።

እህቴ የውብዳርን ግን፣ ባንድ አጥር የምንዋሰን፣
በግራ በኩል ነጠላ ደራርባ ስታልፈን
ሁለት ክረምት አላየኋትም።
"ምች ነው" አለች፤ አላመንኩም፣ ግን አልጠየቅኋትም።
"ልጁ ነው፣ ነክሶኝ" አለች ኋላ፤
ልጁ ጡት ከጣለ ሰባት ዓመቱ፣ ጤፍ ያርማል ከአባቱ ኋላ!
"ጡት" ማለት ነውር ነው በኛ ቤት፣ የሰው ጡት የሆነ እንደሆን፤
የላም ሲሆን ገበያ መሐል ጮኸን እንጠራዋለን።

ባሕር ዳር ሐኪሙ አይቶ መነጽሩን አወለቀ፤
"ምነው በጊዜ..." አለና፣ ቃሉ ከአፉ ላይ ደረቀ።
ያችኑ ቃል፦ በጊዜ።
ለሻሼ የተረፈኝ፣ ለየውብዳር ያጣሁት ጊዜ።

የወር አበባዬ ቀርቷል፤ መቁጠሪያ ቀን ስለሌለኝ፣
በየወሩ ሃያ አንድን ከማርያም ተዋስኩ፤ ትማረኝ።
በሩን እቀረቅራለሁ። ግራ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣
በሦስት ጣት፣ ከብብት ጀምሬ፣ ምስር ለቀማ ነው ብዬ...
ጠጠር ከእህል የሚለይ ጣት፣ ስንት ገበያ ያወቀው፣
መጀመሪያ ሰሞን ገላዬ ላይ፣ እንደ ሌባ ላብ አጠመቀው።

በጥር ጽዋው እኔ ቤት ሆነ። ድፎው ተቆርሶ፣ ጠላ ዞሮ፣
ነገሩን አወጣሁት፣ እንደ ሰንኮፍ ከጉሮሮ።
ዝም።
እማሆይ ስመኝ መቁጠሪያቸውን ነካኩ።
ጥሩሰው ሳቀች፦ "አንቺ! ላሞች አደረግሽን እኮ!"
"ላም ብትሆኚማ" አልኳት፣ "ባልሽ ሐኪም በጠራ፣ ሰው ልኮ!"
ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።
ባንቺአምላክ ብቻ፣ ከምሰሶው ሥር፣ አልሳቀችም፤
ነጠላዋ ውስጥ የገባ እጇ አልወጣም።

ሌሎቹ ሲሄዱ ቀረች፣ ዋንጫ የምታጥብ መስላ፤
"ነገ ትሄጃለሽ... አብረሽኝ?" ቃሏን በግማሽ ጥላ።

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ምን እንደሆነ ገና አናውቅም።
መንገድ ላይ እጇን ያዝኳት እንጂ፣ አይዞሽ አላልኳትም።
ሻሼ ሳትታለብ ቀረች። ተምጫ ድረስ ይሰማል፣
እምቧ ስትል፣ ስትቆጣ።

ትቆጣ።