ቆጠራ

ነጋ አይባል እዚህ፣ ከመቼ መሽቶና፤
ጀንበር ጥግ ይዛ አሸለበችና
ተነሣች እንደገና።
አንኮሬጅ ጣቢያ ላይ፣ አዲሱን ኮት ለብሼ፣
«ፌዶራ» የሚል ስም ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ሰው ቆጠርኩ፤ ቆጠርኩ መልሼ፤
ሃያ ሦስት።

«ሰው እንዳይጠፋብሽ» ብሏል አለቃዬ፣ «ሌላው ዕዳው ገብስ፤
ተራራው ባይታይ ደመና ነው የሚከሰስ፤
ሰው የጎደለ እንደሆን ግን ላንቺ ነው የሚለቀስ።»

ስለዚህ እቆጥራለሁ፦
ሁለት ከዘራ፣ አንድ የማይሰማ ጆሮ፣ ሦስት ቀይ ባርኔጣ፣
ከኔብራስካ ድረስ የራሱን ትራስ ታቅፎ የመጣ፣
ባሏን ከነኩርፊያው ከሻንጣ ጋር የጫነች፣
«ድቡ በስንት ሰዓት ነው?» ብላ ገና ሳንነሣ የጠየቀች።

ባቡሩ ጉልበቱን አፍታቶ ተነሣ። በግራ የባሕር ጭቃ፣
በቀኝ በረዶ ያልለቀቀው የተራራ ጫንቃ።
ማይክሮፎን ጨበጥኩ፤ የብርዱን ወራት ሁሉ ያጠናሁት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤
«በቀኛችሁ» አልኩና በግራ ጠቆምኩ፤ ሃያ ሦስት አንገት ተጣመመ።

ኤክሉትና አጠገብ ግን አልተናገርኩም።
መቃብር ላይ የተሠሩት ባለቀለም ትንንሽ ቤቶች ከሐዲዱ አይታዩም።
የያዝኩት ወረቀት «እዚህ ላይ፣ ስለ ነባሩ ሕዝብ፣ ሁለት ደቂቃ» ይላል፤
አጎቴ ስቴፋን እዚያ ነው የተኛው፤ ሁለት ደቂቃ የት ያደርሰዋል?
ዝም አልኩ። ዝምታውም ከትኬቱ ጋር እንደ ተከፈለ
ሁሉ አለፈ፤ የዊልሄልሚና የሹራብ መርፌ ብቻ ቀጥ አለ።

ዋሲላን አልፈን ኦርቪል «ሙስ!» ብሎ ጮኸ፤ ፉርጎው ወደ አንድ ጎን ጋደለ።
ጉቶ ነው።
ፎቶውን ያላነሣ ግን ማን አለ?

ከታልኪትና ወዲያ፣ ጣቢያ በሌለበት፣ ባቡሩ ረገበ፤
ከጥዱ ሥር አንድ ሰው የትራስ ልብስ በዘንግ አውለበለበ።
ሌሙኤል ነው ስሙ፤ ጢሙ ውስጥ የመጋዝ ብናኝ፤
«ድብ መስኮቴን አንኮታኮተው፤ ልኩ ይኸው» አለና ሁለት ቦታ የተቋጠረ ክር አሳየኝ።
መስተዋት ሊገዛ ፌርባንክስ ነው የሚሄደው። ከሰዎቼ መሀል ገብቶ ተቀመጠ፤
የሁሉም ጆሮ ከእኔ ወደ ክሩ አመለጠ።
«ስንት ዓመት ኖርክ?»
«ሠላሳ አንድ።»
«ታዲያ ተራራውን በየቀኑ ታየዋለህ?»
«እሱ ካሻው።
እኔ እንጨቴን እፈልጣለሁ፤ ብቅ ሲል መጥረቢያዬን አስቀምጬ፣ እንደ እንግዳ፣ ቆሜ ነው የምቀበለው።»

ቆጠርኩ። ሃያ አራት። ዝርዝሩ አልገጥም አለኝ፤
ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ ጣቴን ቀስሬ፣ እንደገና ስጀምር፣ አሥራ ስድስት ላይ ጸጥታ መጣና አቋረጠኝ።
አፍ ሁሉ ተከፍቷል። አኩራፊው ባል ባርኔጣውን አውልቋል።
ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ አልዞርኩም፤ በዊልሄልሚና መነጽር ግን፣ በግራም በቀኝም፣ አንድ ግዙፍ ነጭ ነገር ቆሟል።
አሥራ ሰባት፣ አልኩ። አሥራ ስምንት።
ስጨርስ ዞርኩ፤ ደመና ነበር።

ምሽት ላይ፣ ይህን ምሽት ካሉት፣ ዴናሊ፣ ከሆቴሉ ደጃፍ ቆሜ፣
ሻንጣ ሲራገፍ፣ ትንኝ ሲበላኝ፣ ደግሜ ደጋግሜ
ቆጠርኩ፦ ሃያ ሦስት። ልክ።
ሌሙኤል በባቡሩ ወደ ሰሜን አልፏል፣ ክሩ ጣቱ ላይ እንደ ተጠመጠመ፤
ዝርዝሩ ሞላ፤ የእኔ ሆድ ግን «አንድ ጎደለ» እያለ አጉረመረመ።

አለቃዬ ደወለ፦
«ሰዉ?»
«ሙሉ ነው።»
«ተራራውስ?»
«ታይቷል ይላሉ።»
«ሌላ ችግር?»
«በመልሳችን» አልኩት፣ «ኤክሉትና ላይ ሁለት ደቂቃ አይበቃኝም።»
«እና ስንት ይበቃሻል?»
«ገና እየቆጠርኩ ነው።»