ሲፕካ

በብርኖ ከተማ፣ ከአራት ቁጥር ትራም ሥር፣
ጣራው በየሩብ ሰዓት የሚንቀጠቀጥ አንድ ምድር ቤት ነበር።
ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ባልዲ አስቀመጥንለት፤
ሦስት ያረጁ ማሽኖች ወንበር ላይ ሰቀልን፣ እንዳያገኛቸው እርጥበት።

ቭላስታ በካርቶን ክዳን «ሲፕካ» ብላ ጻፈች፣ በሩ ላይ ለጠፈች፤
ጎተራ ማለት ነው ባገሯ። «ባዶውን ምን ያደርጋል?» ብላት፣
«ጎተራ ሲኖር ነው እህል የሚመጣው» አለች።

መጣ።
ከቫልዲቪያ ኤሊሴዮ፣ ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣
የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚያሰላ ፕሮግራም ላከና፣ በማግስቱ ስህተቱን ራሱ ተናገረ።
ከኮልካታ ኢንድራኒ፣ ልጇን ባንድ እጇ አቅፋ፣
የሱን ስህተት አርማ ላከች፣ በሌላው እጇ ጽፋ።
የወፍ ድምፅ የሚለይ፣ የሆስፒታል ወረፋ የሚያቃና፣
ደግሞ ከትሮምሶ አንዱ፣ ምን እንደሚሠራ ለራሱም ያልገባው፤
ተቀበልነው፣ ምን ገዶን፣ ቦታ አለና።

ማን ከፈላቸው? ማንም።
የሃምሳ ሰው ጌጥ እንጂ፣ ያንድ ሰው ሸክም ሎሚ እኛ ዘንድ አልነበረም።

በአሥረኛው ዓመት ግድም ሰውየው መጣ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፤
«ኤሌክትሪኩን ማን ይከፍላል?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ባልዲው አጎንብሶ።
ጥያቄው እውነት ነበር። ሸጥን።
ልሸሽገው አልችልም፦ በድርሻዬ መኪና ገዛሁ፤ ቤተሰቡን ጭኜ ሽርሽር ሄድን።

ከዚያማ በጎተራው ግድግዳ ማስታወቂያ ተሰቀለ፤
አንድ የነበረው «አውርድ» የሚለው ቁልፍ አምስት ሆኖ በቀለ።
ስንዴ የጠየቀ ሰው ከስንዴው ጋር ነቀዝ ይዞ ቤቱ ገባ።
ኢንድራኒ ባንድ መስመር ጻፈችልኝ፦ «ራዶቫን፣ ያንተም እጅ አለበት?»
መልሴን ጀምሬ፣ አጥፍቼ፣ ጀምሬ፣ ሌሊቱ ጠባ።

ሰው ሲሄድ አይሰናበትም። ባሕር ማዶ አዲስ ጎተራ ተሠራ፣ መስታወቱ የጠራ፤
አንዱ ሌላውን ጠራ፣ ሌላውም ሌላውን ጠራ።
እኛ ጋ የቀረው ቆጣሪው ነው፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ዜሮ፤
ሦስቱ ኤሊሴዮ ነው፤ ሽማግሌው፣ አሁንም ሰኞ ሰኞ ባሕሩን ያርማል፣ እንደ ድሮ።

ባለቤቱ ሲሰለች፣ የቀረችውን አንድ ማሽን ወደ ምድር ቤታችን መለሳት፤
ትናንት ማታ እኛው አጠፋናት።
ድምፁ ባንዴ አይቆምም፤
ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ የሚያንቀላፋ ሰው ይመስል፣ አልቋል ስትል አላለቀም።
ቭላስታ ከጡረታዋ መጥታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
የሽማግሌውን ባሕር ባንዲት ትንሽ ዲስክ ቀድታ ኪሷ ከተተች፣ ከትራም ትኬቷ ጋር ጠቅልላ።

«አዲሱ ጎተራ ላይ ላኑርለት» አለች። ስልኬን ከፍቼ ገጹን አሳየኋት፤
ጥግ ላይ፣ ጥፍር የምታክል፣ ትናንት ያልነበረች ማስታወቂያ አለችበት።
አየቻት። ምንም አላለች።
አራት ቁጥር ከላያችን አለፈ፤
ባልዲውን ባግሯ ገፋ አድርጋ፣ ከቧንቧው ሥር አስተካከለች።