ዘጠና ዘጠኝ

ማክሰኞ አመሻሽ፣ ሐዋሳ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ፍሬሕይወት ላንቃሞ በቢሮዬ በር አንገቷን አስገባች።
ለመልመጃ የሰጠኋትን አሮጌ መዝገቤን
አንድ በአንድ ቆጥራ፣ በእርሳስ ከባ ነበር።
«መምህር፣ ይቅርታ፣ ምናልባት አልገባኝ ይሆናል፤
ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ ጉልበት፣ ሁሉም እኩል ታጥፎ
ዘጠና ዘጠኝ ዲግሪ፤ አንድ ሳይጎድል፣ አንድ ሳይተርፍ።
ጉልበት እንዲህ ይስማማል?»

ጉልበት አይስማማም።
ጉልበት እንደ ሰው ነው፣ የየራሱ ኩርፊያ አለው፤
አንዱ ጠዋት ይለግማል፣ አንዱ ዝናብ ሲሸተው።

እሷ ገና ሳትጨርስ ጆሮዬ ጋለ።
ያ ቁጥር፣ ቁጥር አልነበረም፤
«ቀርቷል» ማለት ነበር በእኛ የደብተር ቋንቋ፤
አልጋው ባዶ ሲውል፣ መለኪያው ሳይከፈት፣
ስም ተጠርቶ ተጠርቶ «አቤት» የሚል ሲጠፋ
የምናሰፍረው ምልክት።
ኮምፒውተሩ ምን በወጣው! የሰጡትን ደመረ፣
ደምሮም አካፈለ፤
ያልመጡት ከመጡት ይልቅ ተፈወሱልኝ።

በታተመ ጽሑፌ፣ ገጽ ስድስት፣ ሠንጠረዥ ሁለት ላይ፣
ሃንካርሶ ወራሳ ታቦር ተራራን ሽቅብ ይሮጣል፤
የአሞራ ገደሉ መረብ ጠጋኝ፣
በሦስተኛው ቀጠሮ የባጃጅ ሂሳብ አጥቶ የቀረው።
ብርቅነሽ ጦና ቁጢጥ ብላ ትነሣለች፤
የፓርኩ ልብስ ሰፊ፣ ፈረቃዋ ከእኛ ሰዓት የተጋጨባት።
አቶ ላሚሶማ...
አቶ ላሚሶ ሞቶ ነበር፤
ከተቀበረ በሳምንቱ፣ በእኔ እጅ፣ ጉልበቱ ታጠፈለት።

ሰባ ሰባት ያልኩት አማካይ በትክክል ሲሰላ
ሰባ አንድ ሆነ።
«ስድስት ዲግሪ ምናባቷ!» ይላል ደረጃ ያልከበደው።
ስድስት ዲግሪ እኮ የባጃጅ መወጣጫ ናት፤
ስድስት ዲግሪ ዲላ ላይ አንዲት እናት አስለቅሳለች፣
«ጥናቱ ሰባ ሰባት ይላል፣ የሰነፈው የአንቺ ነው» ተብላ።

ጓደኛዬ ሰማና ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
«የፈሰሰ ውሃ ነው፤ ማንስ ያነብበዋል?
ማዕረግህ በዚች ጽሑፍ አይደል የተሰጠህ?»
ነው። በእሷ ነው።
ግን ጥቁር ውሃ ያለችው ወጌሻ፣ ወይዘሮ ሻሾ፣
ፊደል ያልቆጠረች፣ የእኛን መለኪያ ስታይ የምትስቅ፣
አንድ ቀን ብላኝ ነበር፦
«ጠሞ የገጠመ አጥንት ዳግም ተሰብሮ ነው የሚቃና፤
ሰባሪው ግን ያው ያሰረው እጅ ይሁን።»

ሦስት ሌሊት ጻፍኩ። «በስህተት» የምትል ቃል
ወደ ዓረፍተ ነገሩ ጭራ እየሸሸች አስቸገረችኝ።
«ተስተውሏል» ብዬ ጀመርኩ፤ ማን አስተዋለ? ማን አጠፋ?
ሰረዝኩት።
«ተሳስቻለሁ» አልኩ። ልጅቷንም በስሟ ጠራሁ።

መጽሔቱ በአምስተኛው ወር፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣
አራት መስመር አወጣልኝ፦
«ዘጠኝ ተሳታፊዎች ከስሌቱ ወጥተዋል።»

ወጥተው የት ሄዱ?

ቅዳሜ አሞራ ገደል ወረድኩ።
አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ይሻማሉ፤
ሃንካርሶ እግሩን ጀሪካን ላይ ዘርግቶ
በጥርሱ ክር ይበጥሳል።
መለኪያዬን አወጣሁ፤ ሱሪውን ሰበሰበልኝ።
ሃምሳ ስምንት።
«ድሮስ ስንት ነበር?»
«ዘጠና ዘጠኝ ብዬህ ነበር።»
ሳቀ፤ ጀልባው ላይ ያሉት እስኪዞሩ ሳቀ።
«ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ኳስ እጫወት ነበር!»
ከዚያ መረቡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣
«ቀዳዳን» አለኝ፣ «ቀድሞ የሚያውቀው ዓሣው ነው።»

«ሐሙስ ና። የባጃጁን እኔ።»
«እሺ። ካልመጣሁስ? ምን ብለህ ትጽፋለህ?»
«ምንም። ባዶ እተወዋለሁ።»